አንድ ጓል ውኃ

ነገሩ የሚጀምረው አጥንት ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ፣ በሰሜን ቻይና ሁዋን የሚባል ወንዝ ዳር ከተማቸውን የሠሩት የሻንግ ነገሥታት ያለ ሟርተኛ አንድ ቀን አያድሩም ነበር። ሟርተኛው የበሬ ትከሻ አጥንት ወይም የኤሊ የሆድ ልባስ ያመጣል፤ ከጀርባው ይቦረቡረዋል፤ የጋለ ነገር ያስጠጋበታል፤ አጥንቱ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ የስንጥቁን መስመር አይቶ መልሱን ይናገራል። ጥያቄው እዚያው አጥንቱ ላይ ይቀረጻል። ይዘንባል ወይ? ንጉሡ አደን ቢወጣ ይቀናዋል? ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ይጎዳ ይሆን? ለውኃ የሚቀርጹት ምልክት ቀላል ነበር፤ መካከል ላይ እንደ እባብ የሚጥመለመል አንድ መስመር፣ ግራና ቀኙ ነጠብጣብ። ወንዝን ከኮረብታ ላይ ቁልቁል ያየ ሕፃን ሣል ቢሉት የሚሥለው ይኸንኑ ነው።

እኛም አንድ አለችን። ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው «መ» በግእዝ ስሟ «ማይ» እንደምትባል ሰምቶ ይሆናል፤ ማይ ደግሞ ውኃ ነው። የእኛዋ ፊደል የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር ከግብጽና ከሲና አካባቢ ከተገኘ የተወዛወዘ መስመር ይደርሳል። ሁለቱ ሥዕሎች አይተዋወቁም፤ ውኃን ያየ ሁሉ እንዲያ ስለሚሥለው ብቻ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የእኛው ሥዕል ትርጉሙን ጥሎ ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ «መኪና» ብሎ ሲጽፍ ውኃ ትዝ የሚለው ሰው የለም። የቻይናው ግን መልኩ እየተለወጠ እንኳ ትርጉሙን አልለቀቀም። በመሆኑም ሰው ከውኃ ጋር ያደረገው ነገር ሁሉ፣ የጠጣው፣ የተጓዘበት፣ የነገደበት፣ የተጠማበት፣ በዚያችው ምልክት ላይ እየተደራረበ ሄደ። ጭነቱ እጅግ የከበደው ደግሞ ከሁዋን ወንዝ በጣም ርቆ፣ በደቡብ ጠረፍ፣ ካንቶንኛ በሚናገሩ ሰዎች አፍ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምልክቷ ወደ ደቡብ የሄደችው ራሷ በውኃ ላይ ነው። ቻይናን አንድ ያደረገው ቺን ሺ ኋንግ ጦሩን ከተራሮቹ ማዶ ወዳለው ሞቃት አገር ሲያዘምት ስንቅ ማድረስ አቃተው። ሺ ሉ የተባለ ሹም ታዘዘና ወደ ሰሜን የሚፈሰውን የሺያንግን ወንዝ ወደ ደቡብ ከሚፈሰው ከሊ ወንዝ ጋር የሚያገናኝ ቦይ አስቆፈረ። ሊንግቹ ይባላል፤ ርዝመቱ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬም ውኃ ይሄድበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ214 ደቡቡ ተያዘ። የሩዝ ጀልባ ባለፈበት ወታደር አለፈ፣ ጸሐፊ አለፈ፣ ፊደልም አለፈ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የቺን መንግሥት ሲፈርስ ዣው ቱዎ የተባለው የጦር አዛዥ አገሩን ለራሱ ያዘና ዛሬ ጓንዡ በምንላት ከተማ ላይ ናንዩዌ የተባለ መንግሥት አቆመ፤ የሃን ሥርወ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ111 እስኪያጠፋው ድረስ ቆየ።

ካንቶንኛ አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከዚህ ሁሉ ዘግይቶ፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመንና ከዚያም ወዲህ ከሰሜን እየፈለሰ በመጣው ሕዝብ ነው። ለዚህም ይመስላል ተናጋሪዎቹ እስከ ዛሬ ራሳቸውን «የታንግ ሰዎች» የሚሉት። በማንዳሪን «ሽዌይ» የሚባለው ውኃ በእነሱ አፍ «ሶይ» ነው፤ ድምፁ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። አወጣጡን ማሳት አያዋጣም። ያው ድምፅ ከላይ ሳይወርድ ቢባል «ብልሹ፣ ዕድለ ቢስ» ማለት ነው፤ መካከል ላይ ሳይነቃነቅ ቢባል «ቀረጥ» ይሆናል። ውኃ፣ ብልሹና ቀረጥ በአንድ ምላስ ላይ ተጎራብተው ይኖራሉ።

በ100 ዓ.ም. ሹ ሸን የተባለ ሊቅ 9,353 ምልክቶችን በ540 ቤት ከፋፍሎ የመጀመሪያውን ታላቅ የቻይና መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ውኃን የራሷ ቤት ሰጣት፤ በሥሯም ከ400 በላይ ቃላት ሰበሰበ፤ ወንዙ፣ ባሕሩ፣ ጎርፉ፣ ላቡ፣ እንባው ሁሉ እዚያ ነው። ፍቺዋን ሲጽፍ ግን ስለ መጠጥም ስለ ዝናብም አላነሣም። ውኃ «ልክ» ናት አለ፤ ነገር የሚስተካከልባት ማለቱ ነው። ይህን ከማንም በፊት የሚረዳው የእኛ አገር ግንበኛ ነው፤ ግድግዳው መቅናቱን የሚያይባትን መሣሪያ «ውኃ ልክ» ብሎ የሚጠራ ሰው ለሹ ሸን ማብራሪያ አይጠይቅም።

ልክ የነበረችው ውኃ ሀብት ወደ መሆን ያዘነበለችው በመቃብር በኩል ነው። ጉዎ ፑ የተባለው ጠቢብ ከ276 እስከ 324 የኖረ ነው፤ የቀብርን ቦታ ስለ መምረጥ የሚናገር አንድ መጽሐፍ በእሱ ስም ይጠራል። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፤ የምድር የሕይወት እስትንፋስ ነፋስ ሲያገኘው ይበተናል፣ ውኃ ሲያገኝ ይቆማል። እንግዲያው ሙት የሚቀበርበትም ቤት የሚሠራበትም ቦታ ነፋስን የሚከልል፣ ውኃን የሚይዝ መሆን አለበት። ጥበቡ «ነፋስና ውኃ» ተባለ፤ ዓለም ፌንግ ሹይ የሚለው፣ በካንቶንኛ ደግሞ «ፉንግ ሶይ»። በረከትን የምታቆመው ውኃ ከሆነች፣ ውኃ ያለበት በረከት አለ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ገንዘብ አንድ እርምጃ ቢቀር ነው።

ሌላው መንገድ በወጥ ቤት በኩል ነው፤ እኔ የምወደው ይኸኛውን ነው። ገጣሚው ታው ዩዋንሚንግ በ405 ፐንግዜ የምትባል ወረዳ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመና ቤተሰቡን ሳይወስድ ብቻውን ሄደ። በዜና መዋዕል እንደተጻፈው፣ ከዚያ ሆኖ ለልጁ አንድ አገልጋይ ይልክለታል፤ ከደብዳቤ ጋር። ማገዶ ለቅሞ ውኃ ቀድቶ ማደር ለብቻህ ይከብድሃልና ይህ ሰው ያግዝህ፤ እሱም የሰው ልጅ ነውና በደግ ያዘው የሚል ነበር መልእክቱ። ታው ራሱ ሹመቱን በሦስት ወር ውስጥ ጥሎ ወደ እርሻው ተመለሰ። «ማገዶና ውኃ» የሚለው አነጋገር ግን አልጠፋም። ከሺህ ዓመት በኋላ በሚንግ ዘመን ለሹማምንት ማገዶ የሚያቀርቡ ሠራተኞች ይመደቡ ነበር፤ ውሎ አድሮ በሰው ፈንታ ብር ይሰጣቸው ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ «ማገዶና ውኃ» ደመወዝ ሆነ። ዛሬ በጓንዡ ወር ሲደርስ የሚከፈለው «ሰን ሶይ» ቃል በቃል እሱ ነው።

ጓንዡ፣ ፈረንጆች ካንቶን ያሏት ከተማ፣ በፐርል ወንዝ አፍ ላይ ተቀምጣ በወንዙ ትኖር ነበር። በወንዙም ላይ የሚኖሩ ነበሩ፤ ተወልደው፣ አግብተው፣ ወልደው የሚሞቱት ጀልባ ላይ። ራሳቸውን «ሶይ ሶንግ ያን»፣ የውኃ ላይ ሰዎች፣ ይላሉ። የየብሱ ሰው ይንቃቸው ስለነበር በ1729 ንጉሠ ነገሥቱ ዮንግዠንግ በየብስ ላይ ቤት ሠርተው እንዲኖሩ የሚፈቅድ ዐዋጅ ማውጣት ግድ ሆነበት። ዐዋጁ ንቀቱን አላጠፋውም። በ1757 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ የምዕራባውያን ንግድ በጓንዡ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ በኋላ ለሰማንያ አምስት ዓመት የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የሌሎችም መርከቦች ሻይ፣ ሐርና ሸክላ የሚጭኑት፣ ብር የሚያራግፉት በዚህ ወንዝ ነበር።

እንዲህ ባለ ከተማ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ልጅም ያያል። ከወንዙ ነው። የጉዞ ዋጋ «ሶይ ጎክ» ተባለ፤ «የውኃ እግር» እንደ ማለት ነው፤ መሄጃው ጀልባ ስለነበረ። ክፈል ለማለት «ቦንግ ሶይ» ይባላል፤ ውኃውን መዝን። «ቦንግ» እዚያው ወደብ ላይ ከእንግሊዞቹ ፓውንድ የተወሰደ ቃል ነው፤ ብሩም በዚያ ዘመን በሚዛን እንጂ በቁጥር አልነበረም የሚሄደው። ገንዘቤን መልስ «ዉይ ሶይ» ነው፤ ውኃውን መልስ። ትያትሩ ወይም ፊልሙ የማይረባ ሲሆን ተመልካች የሚጮኸው ይህንኑ ነው። መቶ ዶላር «የት ገው ሶይ» ይባላል፤ አንድ ጓል ውኃ። ጓል ስል የምሬን ነው፤ «ገው» እንደ ድንጋይ፣ እንደ ሥጋ ቁራጭ፣ እንደ አፈር ጓል ያለ እጅ የሚጨብጠው ነገር መቁጠሪያ ነው። በመደበኛው የጽሑፍ ቻይንኛ ይህ ቃል ቦታ ስላልነበረው ካንቶኖች በሌላ ፊደል አጠገብ የአፍን ምልክት ለጥፈው የራሳቸውን ፊደል አበጁለት። ውኃ ጓል የሚሆንበት ሌላ ቋንቋ አላውቅም። ገንዘብን ማፍሰስ ግን እኛም እናውቅበታለን፤ «መዋዕለ ንዋይ ማፍሰስ» እያልን ሰውን በስብሰባ የምናሰለች እኛ አይደለንም እንዴ?

ከአነጋገሮቻቸው ሁሉ የአሳማው ቅርጫት ይበልጥብኛል። በደቡብ ቻይና አሳማ ወደ ገበያ የሚወሰደው በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ቅርጫቱ እንደ በርሜል ረዘም ያለ ነው፤ አሠራሩ ሰፋፊ ዓይን ያለው፣ በየአቅጣጫው ቀዳዳ ነው። ባዶውን ኩሬ ውስጥ ሲነክሩት ውኃው ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ በአንድ ጊዜ ይገባል። ሱቁም፣ ኪራዩም፣ የልጁም ደመወዝ የሚመጣለትን ሰው «ጁ ሉንግ የፕ ሶይ» ይሉታል፤ የአሳማ ቅርጫት ውኃ ገባው። ቅርጫቱ ሲወጣ ውኃው በዚያው ቀዳዳ ሁሉ እንደሚፈስ ግን ማንም አያነሣም። ምርቃት ነዋ፤ በምርቃት መካከል እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ገንዘብ ያለቀበት ሰው ደግሞ «ኩሬው ደረቀ» ይባላል።

ድርቀትን እጅግ ከመፍራታቸው የተነሣ የበሬውንና የአሳማውን ጉበት ስም እስከ መቀየር ደርሰዋል። ጉበት በካንቶንኛ «ጎን» ነው፤ «ደረቅ» ማለትም «ጎን» ነው። ነጋዴ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ «ደረቅ አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይሰማዋል! ስለዚህ በሥጋ ቤትና በወጥ ቤት ጉበት «ዮን» ተባለ፤ «እርጥብ» እንደ ማለት ነው። ፊደሉንም የሠሩት የሥጋን ምልክት ከ«እርጥብ» ፊደል ክፍል ጋር አጣምረው ነው። በሆንግ ኮንግ ቁርስ ቤት የጉበት ገንፎ ያዘዘ ሰው ሳያውቀው ሀብት አዟል። ምላስም እንዲሁ ነው፤ የቀድሞ ስሙ ከ«ኪሳራ» ጋር ስለሚመሳሰል ተጥሎ «ትርፍ» በሚመስል ድምፅ ተተካ። በግ ተራ ላይ «ባዶ» የሚል ቃል የማይወድ ነጋዴ የሚያውቅ አንባቢ አይፈርድባቸውም።

በ1841 እንግሊዞች በኦፒየም ጦርነት መካከል ሆንግ ኮንግን ያዙ፤ በ1842 ውል ተፈረመበት። ደሴቱ ወደብ እንጂ ውኃ አልነበረውም። ትልቅ ወንዝ የለም፣ ሐይቅ የለም፤ ዙሪያው የማይጠጣ ባሕር ነው። የመጀመሪያው የውኃ ማጠራቀሚያ ፖክ ፉ ላም ላይ በ1863 ተሠርቶ ሲያልቅ የሕዝቡ ቁጥር ቀድሞት ሄዶ ነበር። እንግሊዞቹ የቦታ ስሞችን በራሳቸው አጻጻፍ ሲመዘግቡ «ሶይ» በካርታ ላይ «ሹይ» ሆነች። «የጥልቅ ውኃ ወደብ» የነበረው ሠፈር ሻም ሹይ ፖ ተባለ፤ ዛሬ ባሕሩ በአፈር ተደልድሎ ርቆታል፤ ጥልቅ ውኃ በነበረበት ላይ ጨርቅና የስልክ መለዋወጫ ይቸረቸራል። ከዋናው ቻይና ጋር በሚያዋስነው ድንበር በኩል ያለው መንደር ደግሞ ሼንግ ሹይ ተባለ፤ «የላይ ውኃ»። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1848 ካሊፎርኒያ ላይ ወርቅ ሲገኝ ከፐርል ወንዝ ምዕራብ ካሉት አራት ወረዳዎች ወንዶች በሆንግ ኮንግ በኩል ተሳፍረው ወጡ። ሳን ፍራንሲስኮን «የወርቅ ተራራ» አሏት። አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ናቸው፤ ባንክ በመንደራቸው የለም። ገንዘቡን ለእናት፣ ለሚስት የሚያደርሰው «ሶይ ሃክ» ነበር፤ «የውኃ እንግዳ»። እሱ በመርከብ ይመላለሳል፤ ብሩንና ደብዳቤውን ይቀበላል፤ ከመንደር መንደር እየዞረ ያስረክባል፤ ደረሰኝ የሚሆነውን መልስ ይዞ ይመለሳል። ዋስትናው ስሙ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ከካደ ሁለተኛ ማንም አይልክበትም። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በእጁ ብር የላከ ወይም የተቀበለ ኢትዮጵያዊ ሥራውን ሳይነገረው ያውቀዋል። በዚህ መንገድና በኋላም በንግድ ቤቶች በኩል የሄዱት «የብር ደብዳቤዎች» በ2013 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ባሕር ማዶ ራሱ «ሃም ሶይ»፣ ጨው ውኃ ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው «ጨው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የወጣ» ይባላል። እንደ ጎመን ይሁን እንደ ዓሣ አይነገርም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከ1949 የቻይና አብዮት በኋላ ስደተኛ ሆንግ ኮንግን አጥለቀለቃት። ፋብሪካ ተከፈተ፣ ፎቅ ተሠራ፣ ገንዘብ መጣ። «ሶይ» ሞልቶ ፈሰሰ፤ ውኃው ጠፋ እንጂ። በ1963 ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። ከሰኔ 1 ጀምሮ ውኃ በየአራት ቀኑ ለአራት ሰዓት ብቻ እንዲለቀቅ ታዘዘ፤ ያኔ በከተማዋ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይኖር ነበር። «ጀይ ሶይ»፣ የውኃ ቁጥጥር፣ የሚለውን ቃል ያ ትውልድ እስከ ዛሬ እንደ ጦርነት ስም ነው የሚጠራው።

በየመንገዱ ቧንቧ ሥር ሰልፍ ነው። የተሰለፈው ከሰው ይልቅ ዕቃው ነው፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀበና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ጣሳ። ጣሳው የላምባ ነው፤ ላምባ በካንቶንኛ «ፎ ሶይ» ይባላል፣ «የእሳት ውኃ»። አፉ ተቆርጦ፣ በመሐሉ የእንጨት መያዣ ተጋድሞበት፣ ሁለቱ በአንድ መሸከሚያ እንጨት ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ትከሻ ላይ ይወጣሉ። ውኃ በእሳት ውኃ ጣሳ! የወረፋ ጠብ የዕለት ነገር ነበር። ፎቅ ላይ የሚኖር ደግሞ ሌላ መከራ አለበት፤ ታች ያለው ቧንቧውን ከከፈተ ላይ ያለው አንዲት ጠብታ አይደርሰውም። ስለዚህ ያቺ የአራት ሰዓት ዕድል ስትደርስ ከየደረጃው አንድ ጩኸት ይሰማል፤ «ለው ሃ፣ ሳን ሶይ ሃው!»። ታች ያላችሁ፣ ቧንቧ ዝጉ! ዛሬ ውኃ ሌሊትና ቀን በሚወርድበት ቤት ያደጉ ልጆች ሳይቀሩ ይህቺን ጥሪ ያውቋታል።

መንግሥት መርከብ እየላከ ከፐርል ወንዝ አፍ ውኃ ያስቀዳ ጀመር። ነዳጅ ጫኝ መርከቦች የወንዙን ውኃ ሞልተው ሲገቡ ማየት ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ቁጥጥሩ የላላው በ1964 ግንቦት 27 ነው፤ ቫዮላ የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናቡን ይዞ ሲመጣ። ሰው ዓመት ሙሉ የጠበቀው አውሎ ነፋስ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሆንግ ኮንግ ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ጋር ተፈራረመች። ውኃ ከዶንግጂያንግ፣ ከምሥራቅ ወንዝ፣ እንዲመጣ። መንገዱ 83 ኪሎ ሜትር ነው። አስቸጋሪው ነገር ሺማ የተባለው ገባር ወንዝ ወደ ሰሜን የሚፈስ መሆኑ ነበር፤ ውኃው የሚፈለገው ወደ ደቡብ ነው። ግድብ በግድብ ላይ እየሠሩ፣ በስምንት ደረጃ የተተከሉ ፓምፖች ውኃውን 46 ሜትር ሽቅብ እየገፉ ወንዙን ወደ ኋላ አስኬዱት። የሊንግቹን ቦይ ያስቆፈረው ሺ ሉ ቢያየው ሥራዬ ነው ባለ ነበር። ውኃው በ1965 መጋቢት 1 ሆንግ ኮንግ ገባ። ውሉ በነፃ አልነበረም፤ በጋሎን ተለክቶ ይከፈልበት ነበር። ካንቶንኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ለ«ሶይ» «ሶይ» መክፈል ነውና። ዛሬም ከከተማዋ ንጹሕ ውኃ ከሦስት እጅ ሁለቱን የሚበልጠው የሚመጣው ከዚያ ነው። የቤቶች መጸዳጃ በአብዛኛው የሚታጠበው በባሕር ውኃ ነው፤ ውድ ነገር ለዚያ አይባክንም።

በ1971 ታኅሣሥ 9፣ ቀውሎን ያደገው የውጊያ ፊልም ተዋናይ ብሩስ ሊ እዚያው ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለአንድ የካናዳ ጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ ሰጠ። ስለ ውጊያ ሲጠየቅ ስለ ውኃ መለሰ፤ ከተቀዳበት ዕቃ ጋር መልኩን ስለሚለዋውጥ፣ ሊፈስም ሊሰብርም ስለሚችል ነገር። ሐሳቡ የጥንቱ የቻይና ፈላስፋ የላዎዙ ትምህርት ልጅ ነው። የተናገረው በእንግሊዝኛ ስለነበር ውኃው ገና «ሶይ» አልሆነም። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ32 ዓመቱ ሞተ፤ ቃሉ ተቀምጦ ቆየ።

የከተማዋ ጎዳና በዚህ መካከል ለ«ሶይ» ሌሎች ሥራዎች አገኘላት። ያለ ፈቃድ ጉሊት የዘረጋ ሻጭ ፖሊስ መምጣቱን የሚጠብቅለት ልጅ ጥግ ላይ ያቆማል፤ ልጁ «ውኃ እያየ» ነው፣ «ተይ ሶይ»። ፖሊሱ ሲመጣ ሁሉም «ሳን ሶይ» ነው፤ እንደ ውኃ መበተን። ማጆንግ የተባለውን ጨዋታ የሚጫወቱበት ቤት ባለቤት ከአሸናፊው ድርሻውን ሲያነሣ «ውኃ ቀዳ» ይባላል። ሥራ ፈት ጨዋታ «ቾይ ሶይ» ነው፤ ውኃ መንፋት፤ ምራቅ እስኪበተን ማውራት መሆኑ ነው። በቀላሉ የሚታለል ሰው «የውኃ ዓሣ» ነው፤ ይኸውም ዓሣ ሳይሆን ለስላሳ ቅርፊት ያለው ኤሊ ነው፤ ሾርባ የሚሠራበት። መቶ ዶላሩም በቀይ ቀለሙ የተነሣ የዓሣ ስም አለው። የሚገርመኝ ግን ያቺው ቃል ብቻዋን ቅጽል ስትሆን ስድብ መሆኗ ነው። ትምህርት ቤቱ «ሶይ» ከተባለ ልል ነው፣ ውኃ የገባበት ወጥ ነው። ገንዘብ የሆነችው ውኃ ሰው ወይም ሥራ ላይ ስትወድቅ ቀጭን ሆና ትገኛለች። ካንቶኖች በዚህ አይጨነቁም፤ ዐውዱ ይለየዋል ይላሉ።

ሆንግ ኮንግ በ1997 ወደ ቻይና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አሮጌው የውኃ እንግዳ ድንበሩ ላይ አዲስ መልክ ይዞ ብቅ አለ። አሁን «ሶይ ሃክ» የሚባለው ከሆንግ ኮንግ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ዕቃ በሻንጣና በጋሪ ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ሸንዠን ከተማ የሚያሻግር ነው፤ ዕቃው «ሶይ ፎ»፣ የውኃ ዕቃ፣ ይባላል። በ2008 በዋናው ቻይና የተበከለ የሕፃናት ወተት ከተገኘ በኋላ የሆንግ ኮንግ የወተት ጣሳ እንደ ወርቅ ተፈለገ። የውኃ እንግዶቹ የተሰበሰቡት የት ነው? ከድንበሩ በፊት ባለው ትልቅ የባቡር ጣቢያ፤ ሼንግ ሹይ፣ የላይ ውኃ። ጣቢያው ደጃፍ ላይ ካርቶን ይፈታል፣ ይመዘናል፣ ይታሰራል፤ የሠፈሩ እናቶች ለልጃቸው ወተት አጡ። በመስከረም 2012 ነዋሪዎች ጣቢያው ላይ ሰልፍ ወጡ። ከመጋቢት 1 ቀን 2013 ጀምሮ አንድ ሰው ከሁለት ጣሳ ገደማ በላይ ይዞ እንዳይወጣ ተከለከለ። ከዚያም በሚያዝያ 2015 የሸንዠን ነዋሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገቡ ተወሰነ። መቶ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ ያ ስም የእናትን ቀለብ ከባሕር ማዶ የሚያመጣ የታመነ ሰው ስም ነበር። አሁን ስድብ ሆነ፤ ፊደሉ ግን አንድ ጭረት አልተለወጠም።

በ2019 ሰኔ ተጠርጣሪዎችን ወደ ዋናው ቻይና አሳልፎ ለመስጠት በቀረበ የሕግ ረቂቅ የተነሣ ከተማዋ ወደ አደባባይ ወጣች። የብሩስ ሊ የተቀመጠ ቃል ያኔ ተነሣ። ወጣቶቹ አንድ ቦታ ሙጭጭ ብለው እንደ 2014ቱ ሰልፈኞች ድንኳን ከመትከል ይልቅ መሰብሰብ፣ መንቀሳቀስ፣ መበተን ያዙ፤ «ውኃ ሁኑ» እየተባባሉ። ትእዛዙ በእንግሊዝኛም በካንቶንኛም ይነገር ነበር፤ ፖሊስ ሲቃረብ የሚጮኸው ግን የጉሊቱ ሻጭ አሮጌ ቃል ነበር፤ «ሳን ሶይ!»። በ2020 ሰኔ 30 የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አደባባዩ ጸጥ ብሏል። ብዙዎች ወደ ብሪታንያ ሄዱ፤ ጨው ውኃ ተሻገሩ።

ጓንዡ እንደ ድሮዋ ትነግዳለች። ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላናችን በቀጥታ እዚያ ያርፋል፤ ጫማ፣ ጨርቅና የስልክ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄደው ነጋዴያችን ከተማዋን ከአንዳንድ የገዛ አገሩ ከተማ ይልቅ ያውቃታል። ይህ ሰው ዶላሩን ባንክ መስኮት ላይ ሲያቀርብ ዩዋን ይቆጠርለታል፤ ከዩዋኑም ጋር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይሰጡታል። እንዳትጠፋበት ይነግሩታል፤ ሲመለስ የተረፈውን ዩዋን ወደ ዶላር መልሶ ለመመንዘር ትጠየቃለች። ወረቀቷ አናት ላይ ስድስት የቻይና ፊደሎች ታትመዋል። አምስተኛው አራት ጭረት ነው፤ መካከል ላይ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ ወደ ግራ ቆልመም ያለ መስመር፣ በግራው አንድ የተሰበረ ጭረት፣ በቀኙ ሁለት የተዘረጉ፤ ነጠብጣቦቹ የነበሩበት ቦታ ነው። ነጋዴው ወረቀቷን አጥፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ይከታታል።